ዕዳው የአገር ነው፦ በኢትዮጵያ የተሰረቀ ዕቃ ሲጠበቅና ሲፈለግ የኖረበት ሥርዓት

አማርኛ ሌሊት የሰው ቤት ገብቶ ንብረት የሚወስደውን ሌባ ከሌላው ሌባ ለይቶ «ሰርሳሪ» ይለዋል። ቃሉ «ሰረሰረ»፣ ማለትም ቀስ እያለ ቦረቦረ፣ በሳ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ የሌባውን ሥራ ብቻ ሳይሆን የቤቱንም አሠራር ይናገራል። የገበሬው ቤት ግድግዳ እንጨት ተማግሮ፣ ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ የተመረገ በመሆኑ፣ ከውስጥ በመወርወሪያ የተቀረቀረውን በር ከመግፋት ይልቅ በጓሮ ዞሮ ምርጊቱን መቦርቦር ድምፅ የማያሰማ መንገድ ነበር። ቀማኛ ፊት ለፊት በጉልበት የሚነጥቅ፣ ሽፍታ ከገዥ ጋር ተጣልቶ ጫካ የገባ ሰው ሲሆን፣ ሰርሳሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቤቱን ውሻ ስም ሳይቀር የሚያውቅ የቅርብ ሰው ነው ተብሎ ይጠረጠር ነበር። ይህ ጥርጣሬ ቀላል ነገር አይደለም፤ የተሰረቀ ዕቃ የሚፈለግበት የቀድሞው የኢትዮጵያ ሥርዓት በሙሉ የቆመው ሌባው ከመንደሩ አይርቅም በሚል እምነት ላይ ነውና።

በገበሬ ቤት የሚሰረቅ ነገር ብዙ አልነበረም፤ ያለው ግን ቢጠፋ በቀላሉ የማይተካ ነበር። ከእርሻ መሣሪያ ሞፈሩ፣ ቀንበሩና ድግሩ እንጨት ስለሆኑ ከእርሻው ዳር ቢያድሩም እምብዛም አያሰጉም፤ ገበሬው ማታ ይዞት ሊገባ የሚገባው ብረቱን፣ ማለትም አፈሩን የሚሰነጥቀውን ማረሻና ማረሻውን ከድግሩ ጋር አጥብቆ የሚይዘውን ወገል የተባለ ቀለበት ነው። ብረት በከሰልና በወናፍ ጉልበት ከድንጋዩ ተለይቶ በቀጥቃጭ እጅ ቅርጽ እስኪያገኝ ብዙ ድካም ስለሚጠይቅ ዋጋው የከበደ ነበር፤ ማረሻው በሰኔ የተሰረቀበት ገበሬም የሚያጣው ብረቱን ብቻ ሳይሆን ዝናቡ የማይጠብቀውን የእርሻ ወቅት ጭምር ነው። የሸማኔው መሣሪያ፣ የአንጥረኛው መዶሻና ጉጠት፣ የአናጢው መጥረቢያና ሞረድ ከዚሁ ወገን ይቆጠራሉ።

ከመሣሪያ ቀጥሎ የሚጠበቀው ብር ነበር። የእመቤቲቱ አልቦ፣ ድሪና አምባር በሙዳይ ወይም በሣጥን ሲቀመጡ፣ ገንዘቡ ደግሞ ጠገራ ብር ነበር፤ ይህም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበትና በየትኛውም ዓመት ቢመታ ሁልጊዜ በአውሮፓ አቆጣጠር 1780 የሚል ቁጥር የሚታተምበት ብር ነው። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ 1000 ብር ያጠራቀመ ሰው 28 ኪሎ የሚሆን ብር ቤቱ አስቀምጧል ማለት ነው፤ ይህን ያህል ሸክም ተሸክሞ በጨለማ መሮጥ ለማንም አይመችምና ክብደቱ ራሱ አንድ ጥበቃ ነበር። ይሁንና ባለገንዘቡ በክብደቱ ብቻ አይተማመንም፤ ገንዘቡን በገንቦ ከትቶ ከምድጃው ሥር፣ ከመደቡ ወይም ከበረቱ ወለል በታች ይቀብረዋል፤ የተቀበረበትንም ቦታ ለልጆቹ እንኳ ቶሎ አይነግርም። ሳይናገር የሞተ አባት ገንዘቡን ከሌባም ከወራሽም እኩል አድኖት ያልፋል። እህልም ቢሆን በጎተራ የሚታየው አንድ ክፍሉ ሲሆን፣ ቀሪው ዙሪያው በጭድ ተሸፍኖ አፉ በአፈር በሚደፈን ጉድጓድ ውስጥ ይገባ ነበር፤ ይህ ግን ከሰርሳሪው ይልቅ ስንቅ እየለቀመ ከሚያልፈው የሠራዊት ጓዝ ለመሸሸግ የተፈጠረ ብልሃት ይመስላል።

ከቤት ውጪ አስተማማኙ ቦታ ቤተ ክርስቲያን ነበር። የደብሩ ንዋየ ቅድሳት የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት፣ በክፉ ቀን የምእመናኑንም አደራ ይቀበላል፤ የጣና ሐይቅ ደሴት ገዳማትም በውሃ የተከበቡ በመሆናቸው መሳፍንቱና ነገሥታቱ መጻሕፍትና ሀብት የሚያስቀምጡባቸው ሆነው ኖረዋል። የዚህ ጥበቃ ቁልፉ ብረት ሳይሆን ፍርሃት ነው፤ የተራው ሰርሳሪ እጅ ከመቅደስ ደጃፍ ይመለሳል። የማይመለስ እጅ ግን ነበረ፤ ዳግማዊ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲዘርፉ የከተማዪቱ አብያተ ክርስቲያናት አልተረፉም፤ በየዕቃ ቤቱ የነበረውም ሀብት ወደ መቅደላ ከተጓዘው ምርኮ ጋር ተቀላቀለ።

ጥበቃው ሁሉ ሳይበጅ ቀርቶ ግድግዳው ተበስቶ ባደረ ጊዜ ምን ይደረግ ነበር? የሃይማኖቱ መጻሕፍት የሚሰጡት መልስ ግልጽ ነው። ኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 22 ላይ በሬ የሰረቀና ያረደ ወይም የሸጠ አምስት በሬ፣ በግ የሰረቀ አራት በግ ይክፈል ይላል፤ ሌሊት ቤት ሲሰረስር ተመትቶ ስለሞተ ሌባ ገዳዩ የደም ዕዳ እንደሌለበት፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ስለተገደለው ግን ደሙ እንደሚጠየቅበት ይለያል። ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመልሶ ለረጅም ዘመን የፍርድ መሠረት ሆኖ ያገለገለው ፍትሐ ነገሥትም ስለ ሌብነት ይደነግጋል። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ የሚናገሩት ሌባው ከተያዘ በኋላ ስለሚሆነው ነው፤ የባለቤቱ ችግር ደግሞ ሌባው አለመታወቁ ነው። የአገሬው ልማድ ሥራውን የሚጀምረው መጽሐፉ ዝም ካለበት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ነገር እሪታ ነበር። እሪ ያለ ሰው ጩኸቱን የሰማውን ሁሉ ባለዕዳ ያደርገዋል፤ ሰምቶ ያልወጣ ጎረቤት ከሌባው ጋር ሳይመክር አይቀርም ተብሎ ይታማል፣ ይጠየቃልም። ቀጥሎ ዱካ ይፈለጋል። በተለይ ከብት ሲነዳ ኮቴው በእርጥብ መሬት ላይ ስለሚነበብ፣ ባለቤቱና የወጡለት ሰዎች ዱካውን እየተከተሉ እስከ ቀበሌያቸው ወሰን ይሄዳሉ፤ ዱካው ወደ ሌላ አጥቢያ ከገባ የዚያን አጥቢያ ሰዎች ጠርተው ያስረክቧቸዋል፤ እነዚያም በተራቸው ዱካው ከእነሱ መሬት መውጣቱን ማሳየት አለባቸው። ማሳየት ካልቻሉ የጠፋው ከብት በእነሱ ላይ ቀረ ማለት ነው። እዚህ ላይ ለዘመናዊ አንባቢ እንግዳ የሚሆነው ሐሳብ ይገለጣል፤ የሚጠየቀው «ማን ሰረቀ?» ብቻ አይደለም፣ «የማን አገር ሰረቀ?» የሚለው ይቀድማል። «አገር» ማለትም ገበሬው ሲናገር እንደሚለው፣ የአንድ አጥቢያ ሰውና መሬት በአንድነት ነው።

ከቤት የተሰረሰረ ዕቃ ግን ኮቴ የለውም፤ ለእንዲህ ያለው ስርቆት የተበጀው ሥርዓት በሰሜኑ በብዛት «አውጫጭኝ»፣ በሸዋና በደቡብ «አፈርሳታ» ይባላል። አውጫጭኝ «አወጣ» ከሚለው ግሥ ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ የተሰወረውን ነገር እርስ በርስ እየተጠያየቁ ማውጣት የሚለውን ፍቺ ይዟል። ንብረቱ የጠፋበት ሰው ለጭቃ ሹሙ ወይም ለአጥቢያው ዳኛ ያመለክታል፤ ዳኛው ቀን ቆርጦ የአካባቢውን አዋቂ ወንድ ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበስባል፤ ሳያስፈቅድ የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል። ከጉባኤው መካከል እውነተኛነታቸው የተመሰከረላቸው ሽማግሌዎች ተመርጠው፣ ሳያደሉና የሰሙትን ሳይሸሽጉ እንዲመረምሩ፣ የነገራቸውንም ሰው ስም እንዳያወጡ ይምላሉ። ከዚያም የተሰበሰበው ሰው አንድ በአንድ እየቀረበ ያየውን፣ የሰማውን ወይም የጠረጠረውን እንዲናገር፣ የማያውቅም አለማወቁን በመሐላ እንዲያረጋግጥ ይጠየቃል። ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም፤ በአንድ ቀን ካላለቀ በሌላ ቀን ይቀጥላል።

የሥርዓቱ ረቂቅ ክፍል «ወፍ» የሚባለው ነው። ሌባውን የሚያውቅ ሰው በአደባባይ ቢናገር ደም ሊቃባ፣ ቤቱ ሊቃጠል ይችላል፤ ስለዚህ ወደ ሽማግሌው ጠጋ ብሎ በጆሮው ሹክ ይላል፤ ሽማግሌውም ለጉባኤው ሲናገር «ወፍ ነገረን» ከማለት በቀር ምንጩን አይገልጽም። ወፏ አንድ ብቻ ከሆነች የነገሩ ክብደት አነስተኛ ነው፤ ተለያይተው የቀረቡ ሰዎች አንድ ስም ሲያነሱ ግን ጥርጣሬው ይጸናል። የዛሬ ሕግ ዐዋቂ በዚህ ሥርዓት ላይ የሚያነሣው ነቀፋ በቂ ምክንያት አለው፤ ተከሳሹ የመሰከረበትን ሰው አያይም፣ መስቀለኛ ጥያቄም አያቀርብም፣ የቆየ ቂም የወፍ ላባ ለብሶ ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን የመንደር ሰው ከመንደሩ ሌባ ጋር ነገም አብሮ የሚውል መሆኑን ያልዘነጋ ሥርዓት መሆኑን መካድ አይቻልም፤ ምስክሮች ፈርተው የሚቀሩበትን የዘመኑን ችሎት የሚያውቅ ሰው ወፏን ሙሉ በሙሉ ሊንቃት አይገባም።

ምርመራው ሌባውን ካላወጣስ? እዚህ ነው አውጫጭኝ ከተራ ምርመራ የሚለየው። ሌባው ካልታወቀ የጠፋው ንብረት ግምት በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ይከፋፈልና አገሩ ይከፍላል። ባለቤቱ ምን እንደጠፋበት ዘርዝሮ የሚምለውም ስለዚህ ነው፤ ጎረቤቶቹ የሚከፍሉትን ዕዳ አንድ አልቦ ጨምሮ ማሳበጥ በጎረቤት ላይ መስረቅ ይሆናልና። ይህ የጋራ ዕዳ ሁለት ሥራ ይሠራል። በአንድ በኩል የተጎዳው ሰው ማረሻውን እንኳ ባያገኝ የማረሻውን ዋጋ ያገኛል፤ በሌላ በኩል ዝም ያለ ጎረቤት የዝምታውን ዋጋ ከኪሱ ስለሚከፍል፣ ከስብሰባው በፊት ባሉት ቀናት ዕቃው ሌሊት ተጥሎ በባለቤቱ አጥር ሥር የሚገኝበት አጋጣሚ ይፈጠራል። ሌባው ባይያዝም ዕቃው ተመለሰ ማለት ነው፤ ለባለቤቱ ደግሞ ዋናው ነገር ይኸው ነበር። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «አፈርሳታ» በሚል ርእስ በእንግሊዝኛ የጻፉት ልብ ወለድ የጉራጌን መንደር በዚህ ሥርዓት ላይ ሲያስቀምጥ፣ የሚመረመረው ስርቆት ሳይሆን የተቃጠለ ቤት ነው፤ ይህም አፈርሳታ ለስርቆት ብቻ ያልተወሰነ፣ አድራጊው ለተሰወረበት ጉዳት ሁሉ የሚጠራ መሆኑን ያሳያል።

ከአውጫጭኝ ጎን ለጎን ግዝት ይሠራ ነበር፤ ባለቤቱ ካህኑን ለምኖ፣ ሌባውና ዐውቆ የሸሸገው ሰው እንዲወገዙ በደጀ ሰላም ያስነግራል። ግዝት የሚፈራው ሌባውን ብቻ ሳይሆን ዐውቆ ዝም ያለውንም ስለሚይዝ ነው፤ ከዚህ በላይ የሚባል የለውም።

ሌባሻይ ግን ሰፋ ያለ ትኩረት ይገባዋል፤ በአውሮፓ ተጓዦች መጻሕፍት ከአውጫጭኝ ይልቅ ብዙ ቀለም የፈሰሰለት እሱ ነውና። ሌባሻይ፣ «ሌባ ፈላጊ» ማለት ሲሆን፣ ስሙ ሥራውን ለሚመራው ባለሥልጣንም ለሥርዓቱም ያገለግላል። የተሰረቀበት ሰው ለሌባሻዩ ዋጋውን ከፍሎ ያመለክታል፤ ሌባሻዩም ለአካለ መጠን ያልደረሰ ወንድ ልጅ ያቀርባል፤ ለልጁ ከወተት ጋር የተበጠበጠ መድኃኒት ያጠጣዋል፤ ጥንባሆ በጋያ ያስጨሰዋል። ልጁ ዐይኑ ፈጦ፣ ራሱን ስቶ ሲነሣ፣ በወገቡ ላይ በታሰረው ድግ ጫፍ ሌባሻዩ ወይም ረዳቱ ይዞት ከኋላ ይከተላል። ልጁ እየተንገዳገደ አንዳንዴም እየዳኸ ከተሰረቀው ቤት ወጥቶ በመንደሩ ይዞራል፤ በየደጁ ያሉት ሰዎች ትንፋሻቸውን ይዘው ያያሉ፤ በመጨረሻም የአንዱ ቤት ገብቶ ወድቆ ቢተኛ የዚያ ቤት ጌታ ሌባ ተባለ ማለት ነው። ዕቃው በቤቱ ተገኘም አልተገኘም የጠፋውን ይከፍላል።

ይህን ሥርዓት ከአውጫጭኝ ጋር በአንድ ዐይነት ጥንታዊ ጥበብ መፈረጅ ስሕተት ነው። አውጫጭኝ ዕውቀትን ከሰዎች ይሰበስባል፣ ካላገኘም ዕዳውን ለሁሉ ያከፋፍላል፤ ሌባሻይ ግን ያልተገኘውን ዕውቀት በደነዘዘ ሕፃን እግር ተክቶ፣ የአገሩን ዕዳ በአንድ ቤት ላይ ይጭናል። የድጉን ጫፍ የያዘው ሰው ወደ ግራ ቢስብ ልጁ ወደ ግራ እንደሚሄድ ለማወቅ ብዙ ምርምር አያስፈልግም፤ ድሃና መጤ፣ ወይም ከሹሙ ጋር የተኳረፈ ሰው ከሁሉ በፊት የሚሠጋውም ለዚህ ነው። ሥርዓቱ ረጅም ዕድሜ ያገኘው ትክክል ስለሆነ ሳይሆን የሚያስፈራ ስለሆነ ነው፤ ሌባሻይ ሊመጣ ነው የሚለው ወሬ ብቻውን የተሰረቀውን ዕቃ ሊያስመልስ ይችል ነበር፤ ይህንንም ያየ ሰው መድኃኒቱ ሠራ ይላል። ራስ ተፈሪ መኰንን በአልጋ ወራሽነታቸው ዘመን፣ ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ወይም በአንድ ነጠላ ተቆራኝተው እስከ ችሎት የሚሄዱበትን ቁራኛን ጨምሮ ካስቀሯቸው ልማዶች አንዱ ሌባሻይ ነበር። እገዳው በሁሉም ቦታ በአንድ ቀን አልተፈጸመም፤ ነገር ግን ሌባሻይ ከዚያ በኋላ የመንግሥት ከለላ አላገኘም።

ከተማ ሲመጣ አውጫጭኝ የቆመበት መሬት ተናደ። አዲስ አበባ ከየአገሩ የመጣ ሰው የሚኖርባት፣ ጎረቤት ጎረቤቱን የማያውቅባት በመሆኗ፣ «አገር» ሆኖ ዕዳ የሚከፍል አካል አልነበረባትም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገበያውን ጸጥታ እንዲጠብቁ የተመደቡት «የአራዳ ዘበኞች» የዚህ ለውጥ የመጀመሪያ ምልክት ናቸው። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሲከፈት ገንዘብ ከምድጃ ሥር ወጥቶ የሚቀመጥበት ቦታ ተገኘ፤ ይሁንና ሕዝቡ ገንቦውን ቶሎ አልተወም። ቆርቆሮ ጣሪያና ሳንቃ በር ሲስፋፉ ጓጉንቸር ቁልፍ ተከተለ፤ ሰው ይህን ተንጠልጣይ ቁልፍ በእንቁራሪቷ ስም የጠራው ድቡልቡልነቱን አይቶ ሳይሆን አይቀርም። መኳንንቱና ነጋዴው ቁልፉን ብቻ አላመኑም፤ በደጃቸው ጥግ እሳት አንድዶ፣ ካቦርት ደርቦ የሚያድር ዘበኛ ቀጠሩ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የፖሊስ ሠራዊት ሲቋቋም ደግሞ ሌባን የመፈለግ ሥራ ከጎረቤት እጅ ወጥቶ ደመወዝተኛ ወዳለው ተቋም ተዛወረ።

ሕጉ ይህን ዝውውር ያጸናው በተከታታይ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቅጣት ጥፋቱ በተረጋገጠበት ሰው ላይ ብቻ እንዲወድቅ አደረገ፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3347 በሕጉ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ የነበሩትን የልማድ ደንቦች ሻረ፤ የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምርመራን ለፖሊስ ሰጠ። ከነዚህ በአንዱም ውስጥ ወፍ አትዘምርም፤ ለአገር የሚከፋፈል ዕዳም የለም። ለተጠርጣሪው ይህ ታላቅ ድል ነው፤ ስሙ ሹክ ስለተባለ ብቻ ማንም ከፋይ አይሆንም። ለተሰረቀበት ሰው ግን ድሉ ከኪሳራ ጋር መጣ።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የተቋቋመው የቀበሌ ማኅበር፣ በአብዮት ጥበቃው በኩል ሰፈርን ለሰፈርተኛው የመለሰ መስሎ ነበር፤ ነገር ግን ሌሊት ብረት ይዞ የሚዞረው ጓድ የሚፈልገው የተሰረቀ ድስት ሳይሆን የተሸሸገ ሰው ስለነበር፣ ይህ ወደ አውጫጭኝ መመለስ ነው ማለት አይቻልም። የጠፋ ዕቃ ፍለጋ በከተማ የራሱን መንገድ ያዘ። የተሰረቀበት ሰው ለፖሊስ ካመለከተ በኋላ፣ ያገለገለ ብረታ ብረትና የሙያ መሣሪያ ወደሚሸጥበት የመርካቶው ምናለሽ ተራ ወርዶ፣ መጋዙን ወይም መሮውን ራሱ በጠረበው እጀታ ለይቶ ለማየት ይሞክራል፤ ወይም ሰፈር ለሰፈር እየጮኸ አሮጌ ዕቃ የሚገዛውን ቆራሌ አስቁሞ ይጠይቃል። በእጀታ ላይ የተቀረጸ ምልክት፣ በቢላ የተጫረ ፊደል፣ በድስት ቂጥ ላይ በቀለም የተጻፈ የባለቤት ስም፣ ዕድሮች በሰሃኖቻቸውና በድንኳናቸው ላይ እንደሚያደርጉት፣ እዚህ ላይ ከቁልፍ የበለጠ ይጠቅማል፤ ምልክት የሌለውን መዶሻ የእኔ ነው ማለት ይቻላል እንጂ ማስረዳት አይቻልምና። አሁን በሥራ ላይ ያለው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ሰርቆ የወሰደውን ብቻ ሳይሆን የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛውንና የሸሸገውን ሰው ይቀጣል፤ ይህ ዐውቆ የሸሸገው ግዝቱ በድሮ ጊዜ ያወግዘው የነበረ ሰው ነው።

የተጎጂውን ካሳ በተመለከተ ሕጉ ዝም አላለም። የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 154 ተበዳዩ በወንጀሉ ክስ ላይ የካሳ ጥያቄውን አጣምሮ እንዲያቀርብ ይፈቅድለታል። ይህ አንቀጽ የሚሠራው ግን ተከሳሽ ችሎት ፊት ሲቆም ነው፤ ሌባው ሳይገኝ መዝገቡ ከተዘጋ፣ ማረሻው ለጠፋበት ሰው ዋጋውን የሚከፍል አገር የለም።